«ቡአ ካላመመ አይነካም» ላሉት ጸሐፊ፦ ከኦፕራሲዮን ክፍል የተሰጠ ምላሽ

ጽሑፉ መጀመሪያ የደረሰኝ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። «እስቲ ይህን እየው» ብሎ ላከልኝ። አንብቤ ተውኩት። በማግስቱ አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ላከው። በሦስተኛው ቀን አክስቴ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀችው። ከሥሩም «አጎትህ ይህን ሰምቶ ኦፕራሲዮኑን ተወው» ብላ ጻፈች። እዚህ ላይ ዝም ማለት አቃተኝ።

ላላነበባችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው የዛሬ ሁለት ዓመት በቀኝ ብሽሽታቸው የወጣውን ቡአ በኦፕራሲዮን አሠርተዋል። ቁስሉ ደረቀ፣ ሕመሙ ግን አልለቀቃቸውም። ቢመላለሱ ቢመላለሱ መልሱ «ምንም የለብዎትም» ሆነ። ከዚያ ተነስተው ሌላውን ሰው ከዚህ ላድን ብለው ጻፉ። የሚሉት ይህን ነው፦ ቡአ ካላመመ አይነካም። ሲወጣ መልሶ ማስገባት ይበቃል። ቀበቶና የባህል መድኃኒት ያሽረዋል። የወንድ በሽታ ነው። ሕፃን ላይ ከሆነ ሲያድግ ይጠፋል። ኦፕራሲዮኑ መካን ያደርጋል፣ ዓመት ሙሉም ሥራ ያስፈታል። በቡአው ቦታ ላይ የሚሰፋው ሰው ሠራሽ መረብ ደግሞ መርዝ ነው፣ አሜሪካም አግዳዋለች።

እኔ ቀዶ ሐኪም ነኝ። ቡአ የዕለት እንጀራዬ ነው። ስለዚህ «ገበያው እንዳይቀርበት ነው» የሚለኝ አይጠፋም፤ ይበል። ጸሐፊው አንድ ሁለት ቦታ ላይ እውነት አላቸው፣ እሱንም አልደብቅም።

መጀመሪያ ነገሩን እንተዋወቀው። ወንድ ልጅ በማኅፀን ሳለ ቆለጡ የሚፈጠረው ሆዱ ውስጥ ነው። ከመወለዱ በፊት በብሽሽቱ በኩል ወርዶ ቦታውን ይይዛል። የወረደበት መንገድ ኋላ መዘጋት አለበት፤ አንዳንዱ ላይ ሳይዘጋ ይቀራል። ሌላው ላይ ደግሞ በዕድሜ፣ በማያቋርጥ ሳል፣ በማማጥ የሆድ ግድግዳው ይላላል። ቀዳዳ ከተገኘ ሞራ ወይም አንጀት በዚያ ሹልክ ይላል። ቡአ ማለት ይኸው ነው። ብርቅ ነገርም አይደለም። በእንግሊዝ አገር በተሠራ ስሌት ከ100 ወንዶች 27ቱ፣ ከ100 ሴቶች ደግሞ 3ቱ በዕድሜ ዘመናቸው አንድ ቀን ለብሽሽት ቡአ ኦፕራሲዮን ይሆናሉ።

ሰው የሚፈራው የእብጠቱን ትልቅነት ነው። እኔ የምፈራው የበሩን ጥበት ነው። እስከ ጭኑ አጋማሽ የወረደ ቡአ ተሸክሞ ሃያ ዓመት ያረሰ ሰው አክሜያለሁ። በሩ ሰፊ ስለሆነ አንጀቱ እንደፈለገ ይገባል ይወጣል። የኦቾሎኒ ፍሬ የምታክል እብጠት ይዛ መጥታ ከሞት ጫፍ የተመለሰች ሴትም አክሜያለሁ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ። «ካላመመ አይነካም።» ይህ ከየትም የመጣ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ታዋቂ ጥናት አለ። ቡአ ያለባቸው ግን እምብዛም የማያማቸው 720 ወንዶች ተሳተፉበት። ገሚሱ ወዲያው ኦፕራሲዮን ሆነ፣ ገሚሱ እየታየ እንዲጠብቅ ተደረገ። ከጠበቁት መካከል ድንገት አንጀቱ ተይዞበት የመጣ ሰው በጣም ጥቂት ነው፤ 1,000 ሰው አንድ ዓመት ቢጠብቅ ሁለት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሕመም የሌለው ወንድ መጠበቅ ይችላል። እኔም «አሁኑኑ ካልተሠራህ ትሞታለህ» ብዬ ማንንም አላስፈራራም።

ጸሐፊው ግን ታሪኩን ከመሃል ቆርጠውታል። እነዚያኑ ሰዎች ተመራማሪዎቹ ለዓመታት ተከታተሏቸው። በ10 ዓመት ውስጥ ከጠበቁት መካከል 68 በመቶ ያህሉ ራሳቸው መጥተው ተሠሩ። ዋናው ምክንያት ሕመም ነበር። ቡአ በራሱ አይድንም። መጠበቅ ማለት ቀጠሮ ማራዘም ማለት ነው እንጂ መዳን ማለት አይደለም።

ደግሞ ማን ነው የጠበቀው? ቢያዝበት ስልክ አንስቶ አምቡላንስ የሚጠራ ሰው ነው። የአደጋ ምልክቱ ቀድሞ ተነግሮታል። አጎቴ የሚኖረው ከመኪና መንገድ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ መሃል ላይ ያለው ወንዝ ሞልቶ ሁለት ሦስት ቀን አያሻግርም። ቡአ ደግሞ ወንዙ እስኪጎድል ልጠብቅ አይልም። ያ የአሜሪካ ቁጥር ለአዲስ አበባ ነዋሪ ይሠራ ይሆናል፤ ለአጎቴ ግን አልመነዝርለትም። እሱን የማማክረው ከምርት በኋላ፣ በበጋው፣ በእግሩ ሄዶ እንዲሠራ ነው።

በቀጠሮ በመሠራትና በድንገተኛ በመሠራት መካከል ያለውን ልዩነት ስዊድኖች በደንብ ቆጥረውታል። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የቡአ ኦፕራሲዮንን በአገር ደረጃ ይመዘግባሉ። ከ100,000 በላይ ኦፕራሲዮኖችን ሲያዩ በቀጠሮ የተሠራ ሰው የመሞት ዕድሉ ካልተሠራው ጎረቤቱ የተለየ ሆኖ አልተገኘም። በድንገተኛ የተሠራው ግን ሰባት እጥፍ ሆነ። አንጀት ተቆርጦ ከወጣ ደግሞ ሃያ እጥፍ። ይህ ስዊድን ነው፤ ደም ባንኩና ጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ባለበት አገር።

«ሲወጣ መልሶ ማስገባት» የሚለው ነጥብ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። አንድ ቅዳሜ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አባት በቃሬዛ፣ ከዚያም በፒክአፕ ተጭነው መጡ። ቡአው የቆየ ነው። ለዓመታት ማታ ማታ በጀርባቸው ተኝተው በእጃቸው ያስገቡታል፤ ቀን በቀበቶ ያስሩታል። ሐሙስ ዕለት እንጨት ሲፈልጡ ወጣና አልገባ አለ። እሳቸው ገፉት። ልጃቸው ገፋው። አርብ ወጌሻ ተጠርቶ ቅቤ ቀብቶ አሸው። ማታ አረንጓዴ ማስመለስ ጀመሩ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ እብጠቱ ላይ ያለው ቆዳ ቀልቷል። «ልጄ፣ እባክህ አንዴ ግፋውና ልሂድ» አሉኝ።

አልገፋሁትም። ከረጢቱን ስከፍተው የጠቆረ፣ የሚሸት ውሃ ወጣ። ውስጡ ስንዝር የሚያክል አንጀት አለ። ዳር ዳሩ የወይን ጠጅ ቀለም ይዟል፤ መሃሉ ጠቁሯል። የሚያንቀውን ጠባብ ቀለበት ቆርጬ ለቀቅሁት። ለብ ባለ የጨው ውሃ የራሰ ጨርቅ አምጡ አልኩና ጠቀለልኩት። የሰመመን ባለሙያው ኦክስጅኑን ጨመረ። ከዚያ ሁላችንም ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ማየት ጀመርን። በዚያ ክፍል ውስጥ እንደዚያ ያሉ አሥር ደቂቃዎች ረጅም ናቸው።

ጨርቁን ስገልጠው ዳር ዳሩ ቀልቷል። በጣቴ ነካ ሳደርገው እንደ ትል ተኮማተረ። ደስ አለኝ። መሃሉ ግን እንደነበረው ነው። አያብለጨልጭም፣ አይንቀሳቀስም፣ የደም ሥሩም አይመታም። እንደራሰ ወረቀት ሆኗል። እሱን ቆርጬ አውጥቼ ሁለቱን ጤነኛ ጫፎች ሰፋሁ። አባት በዘጠነኛው ቀን በእግራቸው ወጡ። ለመኪናው፣ ለመድኃኒቱ፣ ለአስታማሚው ሲባል አንድ በሬ ተሽጧል።

አሁን አስቡት። ያ የጠቆረ አንጀት ሌሊቱን በግፊት ወደ ሆድ ተመልሶ ቢሆን? እብጠቱ ይጠፋል። ቤተሰቡ እልል ይላል። አንጀቱ ግን ሆድ ውስጥ ይቀደዳል። አንዳንዴ ደግሞ ከረጢቱ ከነማነቂያው አብሮ ይገባል፤ ከውጭ ምንም አይታይም፣ ከውስጥ መታነቁ እንዳለ ነው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው ፍትሐዊ ልሁን። ሁሌ በቀላሉ የሚገባውን ቡአ ሰው ተኝቶ በእርጋታ ቢያስገባው ጥፋት የለውም። ተይዞ የመጣውንም ቢሆን እኛው ሆስፒታል ውስጥ የምናስገባበት ጊዜ አለ። ገና ሰዓቱ ካልሄደ፣ ትኩሳት ከሌለ፣ ቆዳው ካልቀላ፣ ሆዱ ካልተቆጣ፣ ማስታገሻ ሰጥተን፣ እግሩን ከፍ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርገን በቀስታ እንሞክራለን። ቢገባም ወደ ቤቱ አንሰደውም። እናየዋለን፣ በዚያው ሰሞንም እንሠራዋለን። ቤት ውስጥ ግን ደንቡ አጭር ነው። ይገባ የነበረው እምቢ ካለ፣ ከጠነከረና ካመመ፣ በላዩ ላይ ማስመለስ ወይም የሆድ መነፋት ከመጣ፣ ምግብም ውሃም አቁሞ ወደ ሆስፒታል ነው። የታነቀ አንጀት በስድስት ሰዓት ገደማ ውስጥ መሞት ሊጀምር ይችላል። ወጌሻ ለመጥራት የሚተርፍ ሰዓት የለም።

«ሰገራ ወይም አየር ከወጣ ደህና ነው» የሚለው የጸሐፊው ምክር ደግሞ ወጥመድ ነው። አንዳንዴ የሚያዘው የአንጀቱ ሙሉ ክብ ሳይሆን አንዱ ጎኑ ብቻ ነው። መንገዱ አይዘጋም። ሰውዬው መጸዳጃ ቤት ይሄዳል፣ አየር ያስወጣል፣ የተያዘው ጎን ግን እየሞተ ነው። ይህን በትክክል የገለጸው የጀርመኑ ሐኪም ሪክተር ነው፤ በስሙም ይጠራል።

በነገራችን ላይ ከረጢቱ ውስጥ ምን እንዳለ ከውጭ ሆኖ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ሞራ ሊሆን ይችላል። ፊኛ ሊሆን ይችላል። ትርፍ አንጀትም ሊሆን ይችላል። እንዲያውም በታሪክ ከተመዘገቡት የትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮኖች የመጀመሪያው የተሠራው በቡአ ሰበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1735 ለንደን ውስጥ ክላውዲየስ አሚያንድ የተባለ ቀዶ ሐኪም የአንድ የ11 ዓመት ልጅ ቡአ ሲከፍት መርፌ የበሳው ትርፍ አንጀት አገኘ። ቆርጦ አወጣው፣ ልጁም ዳነ። ያን ጊዜ ማደንዘዣ የሚባል ነገር አልነበረም። ልጁን ሳስብ ያንገፈግፈኛል።

ቀበቶው ላይ ብዙ አልቆይም። ቀበቶ ቀዳዳ አይደፍንም። ኦፕራሲዮን የማይችል አቅመ ደካማ ሰው ለጊዜው ቢያስርበት አልቃወምም። አንጀቱ ውጭ እንዳለ ከላይ ካጠበቁበት ግን ማነቁን ራሱ ማገዝ ነው። ቆዳውንም ይልጠዋል። ቅጠል ቀጥቅጦ መለጠፍና በጋለ ብረት መተኮስ ደግሞ ያተረፈልን የተቃጠለ ቆዳ ነው፤ ኋላ የምንቀደው በዚያው ቦታ ላይ ስለሆነ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። «እኔ በቅጠል ዳንኩ» የሚሉት ሰዎችስ? አንዳንዶቹ መጀመሪያውኑ ቡአ አልነበረባቸውም። እኛ አገር ቆለጥ አካባቢ ያበጠ ነገር ሁሉ ቡአ ይባላል። ውሃ የቋጠረም አለ፤ በጨለማ ክፍል ባትሪ ሲያበሩበት ብርሃን ያሳልፋል። የዝሆኔ ትል ባለባቸው የምዕራብ ቆላ አካባቢዎች ይህ ብዙ ነው።

«የወንድ በሽታ ነው።» አሁን ወደዚያች የኦቾሎኒ ፍሬ ልመለስ። ብሽሽት ላይ ሌላም በር አለ። ከተለመደው ቦታ ዝቅ ብሎ፣ ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ የደም ሥር አጠገብ፣ የጭን መነሻ ላይ። በዚህ በኩል የሚወጣው ቡአ ከወንድ ይልቅ በሴት ላይ ይበዛል፤ በተለይ በዕድሜ ገፋ ባሉት። በሩ ጠባብና ግትር ነው። በአንድ የእንግሊዝ ጥናት ይህኛው ቡአ በታየ በሦስት ወር ውስጥ የመታነቅ ዕድሉ 22 በመቶ፣ በ21 ወር ውስጥ ደግሞ 45 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። የተለመደው ቡአ በዚያው ጥናት በሦስት ወር 3 በመቶም አይሞላም። ስለዚህ «ጠብቂ» የሚባል ነገር እዚህ የለም። ሴት ከሆነችና ብሽሽቷ ላይ እብጠት ካለ ቶሎ መታየት ነው፣ ቶሎ መሠራት ነው።

ችግሩ እናቶቻችን አይናገሩም። ቦታው ያሳፍራል። ያቺን ሴት ሆዷ ተዘግቶ ሁለት ጤና ጣቢያ «ጨጓራ ነው» ብሎ መልሷታል። ቀሚሷን ዝቅ አድርጎ ብሽሽቷን ያየ ሰው አልነበረም። ተማሪዎቼን እስኪሰለቻቸው የምነግራቸው ይህንኑ ነው፦ ያስመለሰውን ሰው ሁሉ ብሽሽቱን ግለጡ።

ሕፃናት ላይ ጸሐፊው የደባለቁት እምብርትንና ብሽሽትን ነው። የሕፃን እምብርት ሲያለቅስ የሚነፋው አብዛኛውን ጊዜ አራት አምስት ዓመት እስኪሞላው ራሱ ይዘጋል። የብሽሽቱ አይዘጋም። በተለይ ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ልጅ ላይ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ሲያዝ ደግሞ ከአንጀቱ ሌላ የቆለጡም ደም ሊቋረጥ ይችላል። ልጅ ሲያጥቡ ብሽሽቱ ላይ ወጣ ገባ የሚል እብጠት ያዩ እናት ሲያድግ ይጠፋል ብለው አይጠብቁ። ለልጅ መረብ አይሰፋም፤ ከረጢቱን ከሥሩ ማሰር ይበቃል።

ወደ መካንነቱ እንሂድ። አብዛኛው ወንድ በሆዱ ይዞት የሚመጣው ጥያቄ ይህ ስለሆነ ሳይጠይቀኝ እነግረዋለሁ። የዘር ቱቦውና የቆለጡ የደም ሥሮች በዚያው ጠባብ መንገድ ያልፋሉ። ስንሠራ ለይተን ወደ ጎን እንይዛቸዋለን። ሊጎዱ ይችላሉ? አዎ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሚሠራ ቡአ ቆለጥ ተጎድቶ የሚሟሽሸው ከ200 ሰው አንድ ገደማ ነው። ተመልሶ የመጣ ቡአ ሲሠራ ከዚያ ይጨምራል፣ ምክንያቱም ጠባሳው ሁሉንም አንድ ላይ አጣብቆታል። ይህን ፊት ለፊት መናገር አለብን። ግን አንዱ ቢጎዳ ሌላው አለ፤ ወልዶ ለመሳም አንዱ ይበቃል። ወንድነትን የሚያጠፋ ኦፕራሲዮንም አይደለም። እንዲያውም ትልቅ ቡአ ይዞ ለዓመታት ከሚስቱ ጋር መተኛት አስቸግሮት የኖረ ሰው ተሠርቶ ሲመለስ «ቀድመህ ለምን አልነገርከኝም» ብሎኛል። ሰውየውን በደንብ አስታውሰዋለሁ፣ ማር ይዞልኝ መጥቶ ነበር።

ዓመት ሙሉ ሥራ መፍታት? ይህን እንኳ እኛው ሐኪሞች ያመጣነው ጣጣ ነው። ድሮ «ስድስት ወር እንዳታነሳ» እንል ነበር። ዛሬ ዓለም አቀፉ መመሪያ የሚለው ሕመሙ በፈቀደ መጠን ቶሎ ወደ እንቅስቃሴ መመለስን ነው፤ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ውስጥ ቀላል ሥራ ይጀመራል። ለገበሬና ለጫኝ አውራጅ እኔ ጥቂት ሳምንታት እጨምራለሁ። ብዙውን ጊዜ ሙሉ ሰመመንም አያስፈልግም። ቦታውን ብቻ አደንዝዘን እያወራን እንሠራለን፣ ሰውየው በዚያው ቀን ይሄዳል። የግድ ትልቅ ከተማ መምጣትም የለበትም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን በማስተርስ ደረጃ ታሠለጥናለች። ዛሬ በወረዳ ሆስፒታሎች ብዙ ቡአ የሚሠሩት እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ መረቡ። ጽሑፉ በጣም የተጋራው በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ከመረብ በፊት ጡንቻንና ጅማትን ስቦ መስፋት ነበር። ጣሊያናዊው ኤዶአርዶ ባሲኒ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ፓዶቫ ከተማ ላይ የጀመረው ነው፤ ከዚያ በፊት ቡአ ተሠርቶ መመለሱ የተለመደ ነበር። የባሲኒ ስፌት ብዙ ሰው አድኗል። ግን የሳሳን ጨርቅ ስቦ ቢሰፉት ይወጠራል፣ ሲወጠር ይቀደዳል። ያረጀ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ሲቀደድ ልብስ ሰፊው ምን ያደርጋል? ዳርና ዳሩን ስቦ አይሰፋውም፣ እራፊ ይጥልበታል። መረብ እራፊ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካዊው ፍራንሲስ አሸር ከፕላስቲክ የተሠራውን አመጣ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፖሊፕሮፒሊን ወደሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ቀየረው። በ1980ዎቹ ደግሞ ሊክተንስታይን የተባለ ቀዶ ሐኪም ሎስ አንጀለስ ላይ ምንም ሳይስቡ መረቡን ማንጠፍን አስለመደ። ዛሬም ዓለም ላይ ብዙ የሚሠራው ይህ ነው። ሥራው ደግሞ ለጀማሪ አይከብድም።

ፖሊፕሮፒሊን መርዝ ነው ለሚሉት፦ ልብን፣ የደም ሥርን፣ ቆዳን የምንሰፋበት አንዱ ክር ከዚያው ነው የሚሠራው።

አሜሪካ አገደችው የተባለውስ? እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያስቆመው በሴት ብልት በኩል ለማኅፀንና ለፊኛ መውረድ የሚሰፋውን መረብ ሽያጭ ነው። ቦታው ሌላ፣ በሽታው ሌላ። የብሽሽት ቡአ መረብ አልታገደም። ይህ ማለት ግን ኩባንያዎቹ ንጹሓን ናቸው ማለት አይደለም። ፊዚዮሜሽ የተባለው የሆድ ግድግዳ መረብ እ.ኤ.አ. በ2016 ከገበያ ወጥቷል፤ የፍርድ ቤት ክሱም ብዙ ነው። መረብ ሁሉ አንድ አይደለም። የጸሐፊው ጥርጣሬ ከዚህ የመነጨ ከሆነ አልፈርድባቸውም።

ጥቅሙስ ምን ያህል ነው? ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ግምገማ እንዳሳየው 46 ሰው በመረብ ሲሠራ ከስፌቱ ጋር ሲነጻጸር አንድ ሰው ቡአው ተመልሶ ከመምጣት ይድናል። ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ተመልሶ የመጣን ቡአ ሠርቶ ለሚያውቅ ግን ትንሽ አይደለም። መረብ ካልፈለጉ ሌላ መንገድ የለም ወይ? አለ። ካናዳ ውስጥ ቶሮንቶ አጠገብ ያለው የሾልዳይስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ በአብዛኛው ያለመረብ፣ በአራት ድርብ ስፌት ይሠራል፤ ውጤቱም ግሩም ነው። ግን እነሱ ቀን ከሌት የሚሠሩት ይህንኑ ብቻ ነው። ያን እጅ ሁሉም ቦታ አታገኙትም። አንጀቱ ሞቶ ቦታው በቆሸሸበት ድንገተኛ ላይ ደግሞ እኔም ራሴ ብዙ ጊዜ መረብ አላስገባም። ከላይ የነገርኳችሁን አባት ያለመረብ ነው የሰፋኋቸው።

«መረብ የሀብታም ነው» የሚለውን መስመር ግን በደስታ እቃወማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ምሥራቅ ዩጋንዳ ላይ ከ300 በላይ ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት ወጥቷል። ገሚሱ ከ100 ዶላር በላይ በሚያወጣ የፋብሪካ መረብ፣ ገሚሱ አንድ ዶላር ገደማ በሚያወጣ፣ ከአጎበር ጨርቅ በተዘጋጀ መረብ ተሠሩ። ከዓመት በኋላ በርካሹ የተሠራ አንድ ሰው ላይ ተመለሰ፣ በውዱ ማንም ላይ አልተመለሰም። በቁጥር ሲታይ ልዩነት የለም ማለት ነው። ይህን ስናገር አንድ ታካሚ «እንግዲያው የቤቴን አጎበር ይዤ ልምጣ?» ብሎኛል። አይሆንም። ያኛው መድኃኒት ያልተነከረ፣ ተመርጦና በአግባቡ ከጀርም ጸድቶ የተዘጋጀ ነው። የእርስዎ አጎበር ለወባው ይሁን።

የቀረው የጸሐፊው ሕመም ነው። ጽሑፋቸውን ሁለተኛ ሳነበው የገባኝ፣ ሌላው ሁሉ የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው። እዚህ ላይ እውነቱ የሳቸው ነው። ከቡአ ኦፕራሲዮን በኋላ ከሦስት ወር በላይ የሚቆይ ሕመም ከ10 ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል። ኑሮን የሚያናጋው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ግን አለ። ለብዙ ታካሚ አስቀድሞ አይነገርም። እኔም በጀማሪነቴ አልናገርም ነበር። ብሽሽት ላይ ሦስት ቀጫጭን ነርቮች ያልፋሉ፣ ከስፌት ክር ብዙም አይወፍሩም። በስፌት ሊያዙ፣ በጠባሳ ሊታሰሩ፣ መረቡ ሊነካቸው ይችላል። «ምንም የለብዎትም» የሚለው መልስ ስንፍና ነው።

ስለዚህ እርስዎን በቀጥታ ላናግርዎት። ቡአ አዘውትሮ ወደሚሠራ ቀዶ ሐኪም ይሂዱ። ከሄዱ አይቀር የተሠሩበት ቦታ ሄደው የኦፕራሲዮኑን ማስታወሻ ግልባጭ ይጠይቁ፤ ምን ዓይነት መረብ እንደገባ፣ ነርቮቹ ታይተው እንደሆነ፣ የተቆረጠ ካለ እዚያ ላይ ይጻፋል። መጀመሪያ ቡአው ተመልሶ እንዳልመጣ በአልትራሳውንድ ይታያል። ከዚያ ሐኪሙ አንድ ነገር ይጠይቅዎታል፦ «የሚያምዎትን ቦታ በአንድ ጣት ብቻ ያሳዩኝ።» በአንድ ጣት ማሳየት ከቻሉ፣ ሲነካም እንደ ኤሌክትሪክ ወደ ጭንዎ ወይም ወደ ቆለጥዎ የሚሮጥ ከሆነ፣ ነርቭ የመሆኑ ነገር ከፍ ይላል። እዚያች ነጥብ ላይ ማደንዘዣ ይወጋል። ሕመሙ ለጥቂት ሰዓት እንኳ ጸጥ ካለ የት እንደሚፈለግ ታወቀ ማለት ነው። መርፌውን መድገም አለ፣ የነርቭ ሕመም መድኃኒት አለ፣ አልሆን ካለም ነርቩን የሚቆርጥ ወይም መረቡን የሚያወጣ ኦፕራሲዮን አለ። የመጨረሻው ከባድ ነው፣ ለለመደ እጅ ብቻ ነው የሚሰጠው።

አጎቴን ትናንት ደወልኩለት። ጽሑፉን ራሱ አላነበበውም፣ ተነቦለት ነው። «ሰውየው ግን አሁንም ያመዋል ነው የምትለኝ?» አለኝ። አዎ አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ጤፉ ከታጨደ በኋላ እንነጋገር አለ።